የውሰት መስመር

ጥቅምት 6

ዝናቡ ዛሬም ገበያው ጋ ያለውን የስልክ ኬብል ማንሆል ሞላው። ከሰዓቱን ሙሉ ከኬብሉ ላይ ውሃ ስንቀዳ ዋልን። ጫማዬ እስካሁን አልደረቀም፤ ሚስቴ ምድጃው አጠገብ ዘቅዝቃዋለች።

አዲሱ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሰኞ ይነገራል አሉ። የድሮው ጡረታ ከወጡ ወዲህ ወንበሩን የጠበቅኩት እኔ ነኝ፣ ተጠባባቂ እየተባልኩ። ሌላ ማን አለ? መንግሥት የስልክ ድርጅቱን ሊሸጠው ነው የሚለው ወሬ አልቆመም። የት የት እንደሚያፈስ ግን ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ሚስቴ ነጩን ሸሚዝ ተኩሳልኛለች። "ከሰኞ በፊት እንዳትለብሰው፣ ቅባት ታስነካዋለህ" አለች።

ጥቅምት 10

እህቴ።

የተሾመችው እህቴ ናት። ታናሼ። የእናቴ ልጅ። ምሰሶ መውጣት ያስተማርኳት፣ ቀበቶዋን በእጄ ያሰርኩላት… ውጭ ተምራ፣ ሌላ ቦታ ሠርታ፣ "ነፍስ ትዘራበታለች" ተብላ መጣች።

ቀኑን ሙሉ ሰው እጄን እየጨበጠ "እንኳን ደስ ያለህ!" ሲለኝ ዋለ። እንኳን አብሮ ደስ ያለን እላለሁ። ጥርሴን ሳሳይ ውዬ መንጋጋዬን አመመኝ። ያውም ነጩን ሸሚዝ ለብሼ።

ማምሻውን እማዬ ደወለች። "እልል በል እንጂ ልጄ! እህትህን አደራ።" እሺ፣ እኔንስ ለማን አደራ አለች?

ጥቅምት 14

ከስብሰባው በፊት ኮሪደር ላይ ያዘችኝ።

"ወንድም ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ። ቢሮ ውስጥ አንቱ እንባባል። በዘመድ ትሠራለች እንዳይሉኝ ነው። ቤት ስንገባ ያው ወንድም ጋሼዬ ነህ።"

"ምን ቸገረኝ" አልኳት።

ሰው ፊት "የጥገና ኃላፊ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?" ስትለኝ ግን ጆሮዬ ጋለ። አፏን ስትፈታ ከ"እማዬ" ቀጥሎ ያለችው "ወንድም ጋሼ" ነው እኮ።

የመንግሥት ኮሚቴ ታኅሣሥ ላይ ይመጣል። ድርጅቱ ሲያንሰራራ ካላየ ይሸጠዋል፣ ግማሾቻችን እንበተናለን። እሷ ታዲያ መግቢያው አዳራሽ ላይ ትልቅ ነጭ ሰሌዳ አሰቀለች። መልስ ያላገኘ የደንበኛ አቤቱታ ሁሉ እዚያ ላይ ይጻፋል፣ የተሠራለት ይጠፋል። ቶሎ ያጠፋ ቡድን ይመሰገናል። "ሰሌዳው ሲነጣ ድነናል ማለት ነው" አለች። ተጨበጨበላት። እኔም አጨበጨብኩ… በሁለት ጣት።

ጥቅምት 30

ሰሌዳው እየነጣ ነው። ሾፌሩ ሳይቀር "እህትህ እጇ ፈውስ ነው" ይለኛል። ቆሽቴ አረረ።

እንዴት እንደነጣ እኔና ፒንሳ እናውቃለን። ፒንሳ ከጥገና ሠራተኞቼ አንዱ ነው፤ የያዘውን ስለማይለቅ ነው እንዲህ የምንለው። ውሃ በገባበት ኬብል ውስጥ ደህና ሽቦ ጥቂት ነው። ስለዚህ ጩኸታም ደንበኛ መስመሩ ሲሞትበት፣ ከሰፈሩ አቤት ብሎ የማያውቅ ሰው ይፈለግና የሱ ሽቦ ተነቅሎ ለጩኸታሙ ይቀጠላል። ውሰት እንለዋለን። ዱሮ ኬብሉ እስኪደርቅ ነበር፣ ከዚያ ይመለሳል። አሁን ማን ይመልሳል? ሰሌዳው የሚያውቀው የሚጮኸውን ነው። ዝምተኛው ቤቱ ውስጥ ዝም እንዳለ ቀረ።

ፒንሳ፣ "ጋሼ፣ አንነግራትም እንዴ?" አለኝ።

"የተማረች አይደለች? ትደርስበታለች" አልኩት።

ሆድ ይፍጀው።

ኅዳር 4

ጋዜጣ ላይ ወጣች። እማዬ ጋ ብቅ ስል ፎቶዋን ቆርጣ ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች። የኔ የምርቃት ፎቶ በነበረበት ፍሬም!

"የኔስ?"

"አለህ እኮ። ከኋላዋ ነህ። ምን ብዬ እጥልሃለሁ?"

ከእንግዲህ አልደውልላትም። በደወልኩ ቁጥር ወሬው እሷ፣ እሷ፣ እሷ…

ኅዳር 9

ቀናሁ። ይኸው ጻፍኩት።

ኅዳር 19

ደረጃ ላይ አግኝታኝ ግራ ቀኝ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ወንድም ጋሼ፣ እማዬ ስልክ አታነሳልኝም። ይጠራል፣ ይጠራል… ዝም። ብቅ እንዳልል ጊዜ አጣሁ። ተቀይማኛለች እንዴ?"

"እንጃ። ሹመት ስታገኝ ረሳችኝ ብላ ይሆናል።"

ፊቷ ሲጠቁር አየሁ። ከዚያ ሄጄ ምሳዬን በላሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ጣፈጠኝ።

ኅዳር 27

ደፋር ናት መቼም። ኮሚቴውን "ከደንበኞቻችን ቁጥር የፈለጋችሁትን መርጣችሁ ደውሉ" ብላዋለች። ሐሙስ፣ አዳራሹ ውስጥ፣ ጋዜጠኛ ፊት፣ በድምፅ ማጉያ!

አንዱ ዝምተኛ ጋ መደወላቸው አይቀርም። ሽቦው የተነቀለ ቤት ማን ያነሳል? የማዕከሉ ማዞሪያ ደህና ስለሆነ በደዋዩ ጆሮ ይጠራል። ሌላ ይሞክራሉ፣ እሱም ይጠራል። ያኔ ይነቁባታል። ዝም ካልኩ ሐሙስ ከሰዓት ወንበሩ ባዶ ነው። ድርጅቱስ? እኔ ተጠባባቂው ተነስቼ ጊዜ እለምናለሁ፣ ይሰጡኛል።

"ብቻህን ምን ያስቅሃል?" አለች ሚስቴ።

"ቀልድ ትዝ ብሎኝ።"

ይጠራል፣ ይጠራል፣ ዝም… ማን ነበር እንዲህ ያለኝ?

እማዬ!

ኅዳር 28

እሑድ። በጠዋት እማዬ ጋ ሄድኩ። ስልኩ ዳንቴሉን ለብሶ ተቀምጧል። አነሳሁት። ምንም የለም።

"ከሞተ ቆየ" አለች።

"ምነው አልተናገርሽም?"

"በልጄ መሥሪያ ቤት ላይ አቤት ልበል? ሰው ምን ይላል? ዝም አይነቅዝም ብዬ ተውኩት። እናንተም ሥራ በዝቶባችሁ ነው…" ስልኩን ተቀብላኝ ዳንቴሉን አስተካከለች። "አንዳንዴ ብቻ እያነሳሁ አዳምጠዋለሁ።"

መንገድ ዳር ያለውን የሽቦ ሳጥን ከፈትኩ። መስመሯ ለማዕዘኑ ሥጋ ቤት ተሰጥቷል። ባለቤቱ አፉ የማያርፍ ሰው ነው። አጠማዘዙ የፒንሳ ነው፣ አውቀዋለሁ። እሱ ምን ያድርግ፣ የሚያየው ቁጥር እንጂ የማን እናት እንደሆነች አይደለም። መልሼ ልቀጥል እጄን ዘረጋሁና ተውኩት። የሷን ብመልስ ነገ የሌላ ዝምተኛ ይነቀላል።

ለሚስቴ ነገርኳት። "የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች" ብላ ሳቀች። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

ኅዳር 29

ቢሮዋ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ውሰቱን ሁሉ ነገርኳት። የእማዬንም።



"ወንድም ጋሼ… ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?"

"ሰሌዳው መንጣት ሲጀምር።"

"ደረጃ ላይ እማዬ ተቀይማኝ ይሆን ወይ ስልህስ?"

"የሷ መስመር መነቀሉን ያኔ አላወቅኩም።"

"ሐሙስ ሰው ፊት ልትጥለኝ ነበር?"

"ቀንቼ ነው" አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ?

መነጽሯን አውልቃ ጠረገች። ጠርጋ ስትጨርስ እንደገና ጠረገች። የእማዬን መስመር ዛሬውኑ ልመልስ ወይ ብዬ ጠየቅኩ።

"እንደማንኛውም ደንበኛ ተራዋን ትጠብቅ። እኔ ራሴ ሄጄ እነግራታለሁ። አመሰግናለሁ፣ የጥገና ኃላፊ። ሲወጡ በሩን ክፍት ይተዉት።"

ታኅሣሥ 2

ኮሚቴው ገና ስልኩን ሳይነካ ተነሳች። "ሰሌዳው ነጭ ነው፣ ግን ውሸት ነው" አለች። የሚጮኸውን ብቻ መቁጠሯ የራሷ ስህተት እንደሆነ፣ የበሰበሰው ኬብል ካልተቀየረ ድርጅቱ እንደማይድን ተናገረች። ከዚያ እጇን ወደኔ ዘረጋች። "እውነቱን የነገሩኝ የጥገና ኃላፊያችን ናቸው።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ!

ሰብሳቢው እስከ ሰኔ ጊዜ ሰጡ። ለኬብሉም ገንዘብ ተፈቀደ። መውደቋን እንኳ አሳምራ ወደቀች። እዚያው ተቀምጬ ቀናሁባት።

ጥር 21

ሰሌዳው ወርዷል። ሠራተኞቼ አሁን አቤት ብለው የማያውቁትን ሰዎች ቤት እያንኳኩ ስልኩን ራሳቸው አንስተው ያዳምጣሉ። የሷ ሐሳብ ነው። ገበያው ጋ አዲስ ኬብል ገባ። ጠፍተው የነበሩ ደንበኞችም እየተመለሱ ነው።

እማዬ ቤት ሦስቴ ተገናኝተናል። ሰላም ትለኛለች፣ እጄን ትጨብጣለች። በስሜም በምንም አትጠራኝም።

ዛሬ የእማዬ ተራ ደረሰ። ፒንሳን "ይህን ለኔ ተወው" ብዬ ሽቦዋን በእጄ ቀጠልኩ። ቤት ገብቼ ስልኩን ሳስተካክል ጠራ። አነሳሁት።

"ሀሎ! እማዬ?" ድምፅዋ ሳቅ ሳቅ ይላል።

"እኔ ነኝ።"

 መስመሩ ጥርት ብሏል፤ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጥ ተሰማኝ።

"እሺ፣ የጥገና ኃላፊ። እናቴን ያቅርቡልኝ።"

እማዬ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተቀበለችኝ። "ወዬ የኔ ልጅ! ወንድምሽ ሠራልኝ እኮ!" አለች። ከዚያ ሳቅ፣ "እሰይ፣ እሰይ"፣ ደግሞ ሳቅ… "እሱን ስጪኝ" ትላት እንደሆን ብዬ መሣሪያዬን አንድ በአንድ፣ ቀስ እያልኩ ሰበሰብኩ። ቦርሳዬን ዘጋሁ። አሁንም ያወራሉ።

ዛሬ የቀናሁት በእማዬ ነው።