ታሪካችሁ የተሰቀለበት ግድግዳ ሐሙስ ይፈርሳል

ይድረስ ለተከበሩት የማዘጋጃ ቤታችን የታሪክና የቅርስ ክፍል ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤና፣ የወንበርዎን ምቾትና የማኅተምዎን ደህንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ ከነመርፌዬና ከነመቀሴ እስከ ሐሙስ ድረስ ደህና ነኝ።

ምናልባት ካላወቁኝ፣ በዋናው መንገድ ላይ፣ መንገዱ እንደታጠፈ ክንድ በሚጎብጥበትና ሰዉ «ክርኑ» ብሎ በሚጠራው ቦታ፣ አያቴ በሠሩት የድንጋይ ቤት ውስጥ የምሠራ ልብስ ሰፊ ነኝ። ባለፈው ወር ሠራተኞችዎ መጥተው «የዋናው መንገዳችን ታሪክ» የሚል ትልቅ የብረት ሰሌዳ ግድግዳዬ ላይ በስምንት ብሎን አሰሩ። በመንገዱ ላይ ይህን ክብደት የሚችል ሌላ ግድግዳ አላገኘንም ስላሉኝ ኮርቼ መሰላሉን ራሴ ያዝኩላቸው። በሳምንቱ ደግሞ ሌሎች ሠራተኞችዎ መጥተው ከሰሌዳው ጎን በቀይ ቀለም የማፍረሻ ምልክት አደረጉበት፤ ምክንያቱም በሰሌዳው ታሪክ መሠረት ቤታችን ከመንገዱ በኋላ የመጣ፣ መንገዱን የገፋ ሕገወጥ ግንባታ ነው ተባለ። ስለዚህ የሚከተሉትን ጥቃቅን ቅሬታዎች በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ሰሌዳው መንገዱ የተሠራው ከሰባ ዓመት በፊት ነው ይላል። ክቡር ሆይ፣ ከሰባ ዓመት በፊት የተሠራው የመንገዱ ፕላን ነው። ፕላኑ ማኅተም ተመትቶበት ስምንት ዓመት መሳቢያ ውስጥ ተኛ፤ ያን ሁሉ ዓመት ሕዝቡ ጭቃ ለጭቃ ሲዳክር በእናንተ መዝገብ ግን በአስፋልት ላይ ይንሸራሸር ነበር። ማኅተም ያረፈበት ሁሉ ተሠርቶ ያለቀ ነው ብሎ ማመን የመሥሪያ ቤትዎ የቆየ ልማድ መሆኑን ስለማውቅ አልተገረምኩም። ቤታችን ቀድሞ የቆመ ቢሆንም መዝገባችሁ ውስጥ የገባው መንገዱ በእውነት በደረሰበት ዓመት፣ ማለትም የዛሬ ስልሳ ሁለት ዓመት ስለሆነ፣ ከመንገዱ ስምንት ዓመት አነሰ ተባለ። እኔ ሱሪ ስሰፋ እንኳ ጨርቁን ሳልለካ መቀስ አላነሳም።

ሁለተኛ፦ መንገዱ በእኛ ደጅ የጎበጠው «መሐንዲሶች ለከተማዋ ውበት ተጨንቀው» ነው ተብሎ ተጽፏል። እውነቱ ግን እንዲህ ነው። ዳምጠው የሚባለው የመንገድ መጠቅጠቂያ መኪና እየተንገጫገጨ ሲመጣና ቤቱ ሊፈርስ ሰዓቱ ሲደርስ እናቴ ውስጥ ምጥ ይዟት ነበር። አዋላጇ እጇን እንኳ ሳትታጠብ በሩ ላይ ቆመችና የመንገድ ሠራተኞቹን ካቦ፣ «እዚህ ቤት ሰው እየመጣ ነው፤ ያንተ መንገድ ይዙር!» አለችው። ካቦው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ችካሎቹን ከነሲባጎው ነቅሎ ሰባት እርምጃ ወዲያ ተከላቸው። በዚያ ቀን የመጣው ሰው እኔ ነኝ። ደግሞስ መንገዱ ለውበት ተብሎ ከጎበጠ፣ ቤታችን ገፋው የምትሉት ምኑን ነው?

ሦስተኛ፦ ሰሌዳው ላይ ያለው ፎቶግራፍ። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ለመንገድ ሠራተኞች ውሃ ስትቀዳ ይታያል፤ ከሥሩም «ስሟ ያልታወቀ ነዋሪ በመንገዱ ምረቃ ዕለት የተሰማትን ደስታ ስትገልጽ» ይላል። ሴትዮዋ እናቴ ናት፤ ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው፤ ከሰሌዳችሁ በስተጀርባ ባለው ክፍል ውስጥ ተኝታለች። ጽሑፉን ባነበብኩላት ጊዜ፣ «ኧረ የምን ምረቃ፣ የምን ደስታ! እግሬ አብጦ መቆም አቅቶኝ ነበር እኮ» አለችኝ። እባክዎ ፎቶግራፉን አንድ ጊዜ ጠጋ ብለው ይዩት። እናቴ የቆመችው አፈር ላይ ነው። ከኋላዋ የሚታየው በር የእኛ በር ነው። በሩ አለ፤ መንገዱ ገና አልደረሰም። ማስረጃውን አትማችሁ፣ ቀለም ቀብታችሁ፣ የራሴ ግድግዳ ላይ ስለሰቀላችሁልኝ አመሰግናለሁ።

አራተኛ፦ ይህንን ሁሉ ለማስረዳት አራት ጊዜ መሥሪያ ቤትዎ ተመላልሻለሁ። በሦስተኛው መስኮት ያለችው ልጅ በትዕግሥት ሰምታኝ ስታበቃ፣ «አባባ፣ ሰሌዳው ላይ የወጣውን እኔ ልለውጠው አልችልም፤ ታሪክ ነው» አለችኝ። በልጅቷ አልፈርድም። በእርስዎ ግን ተናድጃለሁ፤ በጨዋ ቋንቋ ስለጻፍኩ የበረደልኝ እንዳይመስልዎ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ እናንተ አጥሩን መነቅነቅ አልበቃ ብሏችሁ ባለቤቷን ከነስሟ ከታሪክ አወጣችኋት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እናቴ የካቦውን ኮፍያ ቀለም ሳይቀር ታስታውሳለች።

መንገዱን ለሠሩልን ሳይሆን ለጻፉልን፣ ስላደረጉልን ሁሉ ጎንበስ ብዬ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ወንበርዎ ከቤታችን ይልቅ ረጅም ዕድሜ እንዲኖረው እመኛለሁ።

ከመንገዱ ጋር በአንድ ዕለት የተወለደው፣
የክርኑ ልብስ ሰፊ

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ሐሙስ ጠዋት አፍራሾቹ ይመጣሉ፤ ታሪካችሁ ግን እስካሁን ግድግዳው ላይ እንደታሰረ ነው። ብሎኖቹ ጠንካራ ስለሆኑ ለብቻዬ ልፈታቸው አልቻልኩም። ግድግዳው ሲወርድ ሰሌዳውን የሚይዝ ሰው ቢልኩ መልካም ነው። ባለፈው መሰላሉን ይዤላችሁ ነበር፤ ሐሙስ ግን እናቴን ስለምይዝ እጄ አይበቃም።