የቅባትዎን ክዳን ስላጠበቁልን

ለተከበሩ የፀጉር ቅባት፣ የፊት ክሬምና የኩል ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋናና ፍርሃት ስለማቅረብ

ስምዎን ከጠርሙሱ ላይ ፈልጌ ፈልጌ ስላጣሁት በማዕረግዎ ብቻ በመጥራቴ ይቅር ይበሉኝ። እንደምን ሰንብተዋል? እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ በተለይ ደግሞ አሥሩ ጣቶችዎ በጤና ይቆዩልኝ፤ አላህ አንዳቸውንም አያጉድልብዎት። እኔ ከአርዲቦ ሐይቅ ዳር የምኖር፣ ሰባ አራት ዓመት የሞላኝ፣ ባለቤቴን ዙሌይካን ከቀበርኩ ስድስት ዓመት ያለፈኝ ገበሬ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሰው አስቸግሬ አላውቅምና ይህንንም በራሴ እጅ ጻፍኩት። ፊደሉ ከተንሻፈፈብዎ እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ነው እንጂ እርስዎን ከመናቅ አይደለም። ሐይቅ ከተማ ላይ ዕቃዎን የሚሸጠው ዋለ ደብዳቤውን ከሱቁ በር ላይ ሊለጥፍልኝ ቃል ስለገባ፣ ከእርስዎ በፊት ብዙ ሰው እንደሚያነበው አስቀድሜ ላሳውቅዎ እወዳለሁ።

ሰሚሃ የምትባል አንዲት ልጅ አለችኝ። ዓረብ አገር በሰው ቤት ስትሠራ ከደረጃ ወደቀችና ከአንገቷ የሚወርደው ጅማት ተጎዳ። ቀኝ እጇ በመጠኑ ይጨብጣል፣ ግን ከደረቷ በላይ አይነሳም። ግራ እጇ እስከ ራሷ ድረስ ይነሳል፣ ግን ጣቶቹ አይጨብጡም። አንደበቷና ጭንቅላቷ ግን አልሐምዱሊላህ ደህና ናቸው። ሐይቅ ከተማ አንድ የማስተማሪያ ክፍል ይዛ ወደዚያው አገር ለሚሄዱ ልጃገረዶች ዓረብኛ ታስተምራለች፤ እምቢ ማለትን በዓረብኛ ከሁሉ አስቀድማ ታስተምራቸዋለች አሉ። ለዚህ ሥራዋ ጠዋት ጠዋት ተቀብታ፣ ዓይኗን ተኩላ፣ ሻሿን አሳምራ ነበር የምትወጣው። ልጆቹ ፊት ተጎሳቁዬ ከቆምኩ ከቋንቋው ይልቅ እጄን ነው የሚያዩት ትላለች።

ሳልረዝምብዎ ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፣ የፀጉር ቅባቱን ክዳን እንዲህ አድርገው ስላጠበቁልን ከልብ እናመሰግናለን። አንዱን እጅ ጠርሙሱ ላይ፣ ሌላውን ክዳኑ ላይ አድርጎ እየጫኑ ማዞር ነው አሉ፤ ለሁለት ጤነኛ እጅ መቼም ቀላል ነገር ነው። ዋለን ብጠይቀው "ጋሽ ጠሃ፣ እንዳይፈስ ብለው እኮ ነው" አለኝ። እውነቱን ነው፣ እኛ ቤት አንድም ጠብታ ፈሶ አያውቅም። የእኔ ጣቶች ደግሞ እየደከሙ ስለመጡ በጥርሴ መክፈት ጀመርኩ። ባለፈው ረመዳን ፀሐይ ገና ሳትዘቀዝቅ ክዳኑን ነክሼ ብጠመዝዘው ሁለት ነገር አብሮ ሆነ፤ ከቀሩኝ የፊት ጥርሶች አንዱ ተነቀለ፣ ቅባቱም ጉሮሮዬ ድረስ ገባ። ሼሁን ብጠይቃቸው "ሳታስበው ከሆነ ጾምህ አልፈረሰም፣ ግን አንተ ሰውዬ በጾም ቅባት ምን ልትሠራ በጥርስህ ያዝክ?" ብለው እስኪያነቡ ሳቁብኝ። እኔ ግን ልቤ አላርፍ ስላለኝ ማካካሻ ይሁነኝ ብዬ አንድ ቀን ቀዷ ጾምኩ። ያን ቀን ሙሉ ዱዓ ሳደርግልዎ ዋልኩ፤ ምን ዓይነት ዱዓ እንደሆነ ባልነግርዎት ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ስለ ክሬሙ። ክዳኑ በስንት መከራ ሲከፈት ከሥሩ ደግሞ እንደ ብር የሚያብለጨልጭ ሽፋን አኑረውልናል። የሚላጠው በጥፍር ነው። ጥንቃቄዎን አደንቃለሁ፤ የእህል ጎተራዬ እንኳ እንዲህ አልተጠበቀም።

ሦስተኛው የኩሉ ነገር ነው። የኩልዎ መኳያ ከክብሪት እንጨት የቀጠነ ነው። ሰሚሃ እንድትይዘው በበቆሎ ቆረቆንዳ ላይ ሰክቼ በጨርቅ ከግራ መዳፏ ጋር አሰርኩላት። መያዙስ ተያዘ። ነገር ግን የብልቃጡ አፍ ከመጥበቡ የተነሳ መኳያውን ልታስገባ ስትል ብልቃጡ ይገለበጣል፤ ሦስት ብልቃጥ እንዲህ ሆኖ ምንጣፍ ላይ ቀረ። ጎረቤታችን ፈዲላ ሲመቻት ትኩላታለች፤ አላህ ይስጣት። ልጄ ግን አንድ ቀን "አባዬ፣ ፊቴን ለመቀባትም የሰው ደጅ ልጥና?" ስትለኝ መኳያውን እኔው ራሴ ያዝኩት። ፈዲላ ይህን ስታይ "ጠሃ፣ በሬ የለመደ እጅ ዓይን ሲኩል ዛሬ አየሁ!" ብላ ተሳለቀችብኝ። ስምንት ወር ኳልኳት። ለአባት ደስ የሚያሰኝ ሥራ ነበር፤ ዙሌይካ ብትኖር ይህን ከእርሷ በቀር ለሰው አልናገርም ነበር።

ከሃያ ቀን በፊት ጠዋት እጄ ከዳኝ። መኳያው ዓይኗ ውስጥ ገባ። ጉንጯ ላይ ደም የተቀላቀለ ጥቁር እንባ ሲወርድ አየሁና አንድ ልጄን በገዛ እጄ አሳወርኳት አልኩ። ባጃጅ ጠርተን እስከ ጤና ጣቢያው ድረስ ከቁርአን ምን እንደቀራሁ፣ ምን እንደለመንኩ አላውቀውም። እርሷ በደህናው ዓይኗ እያየችኝ "አብሽር አባዬ፣ ዓይን እኮ ሁለት ነው የተሰጠኝ" አለችኝ። ነጩን ብቻ ጭሮት ኖሮ ለመታወር ሳይደርስ ቀረ። ነርሷ ብሌኑን የገብስ ፍሬ በምታህል ርቀት ነው ያለፈው ብላ በጣቷ አሳየችኝ። ያችን ፍሬ ዛሬም እያሰብኩ እባንናለሁ።

ክቡር ሆይ፣ እዚያው ጤና ጣቢያ በር ላይ የእጅ ማጽጃ አልኮል ተቀምጧል። አናቱን ሲጫኑት የሚፈስ ነው። ሰሚሃ አንድ ዓይኗ በፋሻ እንደታሰረ በክርኗ ጫን ስታደርገው ፈሰሰላት። ደገመችው። ሦስተኛ ስትጫነው ነርሷ "ኧረ ለሰውም አስተርፊ!" ብላ ሳቀች፤ ልጄም ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ክዳን ሳያዞሩ፣ ጥርስ ሳይነቅሉ የሚከፈት ዕቃ በዚህች አገር እንዳለ፣ የሚሠራው ሰው እንዳለ፣ እርስዎም ሳያውቁት እንዳልቀሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ቅባቱን እንደዚያ ማድረግ፣ ለሽፋኑ በጥርስም በአንድ እጅም የሚጎተት ረዘም ያለ ጆሮ ማውጣት፣ የኩሉን መኳያ እንደ ጥርስ መፋቂያ ማወፈር፣ ብልቃጡንም አፉን ሰፋ፣ ቂጡን ከበድ አድርጎ የማይገለበጥ ማድረግ ለፋብሪካዎ እንዴት ያለ ከባድ ነገር ቢሆን ነው?

ከዚያን ቀን ወዲህ ልጄን አልኩልም። እርሷም ከቤት አትወጣም። ልጃገረዶቹ ሁለቴ መጥተው በሩን አንኳኩ፤ አሞኛል በላቸው አለችኝ፣ ዋሸሁላቸው። ቀኑን ሙሉ ወደ ግድግዳው ዞራ ትቀመጣለች። ሞትን አልፈራም፣ ዕድሜዬም ነው፤ የምፈራው በሞትኩ ማግሥት ያለውን ጠዋት ነው። ሰው ሁሉ ከለቅሶ ወደየቤቱ ሲመለስ፣ እርሷ ከእርስዎ ጠርሙስ ጋር ብቻዋን ስትፋጠጥ ይታየኛል። ቀኑን አላህ ብቻ ያውቀዋል፤ ሩቅ አለመሆኑን ግን እጄ እየነገረኝ ነው።

ስለዚህ በትህትና የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። አንድ ጠዋት ሥራ ከመግባትዎ በፊት ቀኝ ክንድዎን ከደረትዎ ጋር ያሳስሩ፣ የግራ ጣቶችዎን በጨርቅ ያስጠቅልሉ፣ ከዚያ የገዛ ፋብሪካዎን ቅባት ከፍተው ይቀቡ። ከተሳካልዎ እኔ ቀጣፊ ነኝ፤ ዋለ ይህን ደብዳቤ ከበሩ ላይ ይንቀለው። ካልተሳካልዎ ግን እዚያው እንደታሰሩ ሆነው መሐንዲሶችዎን ይጥሩልኝ።

እጅዎን ለመጨበጥ የማልደፍር፣ ክዳንዎን ለመክፈት ግን እስካሁን የምታገል፣ መልስ እስኪሰጡኝ ድረስ ጤናዎንና ረጅም ዕድሜዎን ሳላቋርጥ የምመኝ፣ አክባሪዎ

ጠሃ ኸሚስ
ከአርዲቦ ሐይቅ ዳር

ግልባጭ፦
ለዋለ፣ ሱቁ በር ላይ
ለፈዲላ፣ ማንበብ ስለማትችል ሰው ያንብብላት

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ትናንት ጨርሼ ስነሳ ሰሚሃን ጓዳ ውስጥ አገኘኋት። ጠርሙስዎን በጉልበቶቿ መሐል አጣብቃ፣ የሥጋ ቢላዋውን እጀታ በጥርሷ ነክሳ፣ ክዳኑን በስለቱ ልትፈነቅል ትታገል ነበር። ስለቱ ከጉንጯ አንድ ጣት አይርቅም። ምን እየሆንሽ ነው ብላት ቢላዋውን ከአፏ ጭኗ ላይ ለቃ "ልጆቹ ሰኞ ይጠብቁኛል አባዬ" አለችኝ። ልትወጣ መፈለጓ ደስ አለኝ። ቢላዋውን ግን ቀምቼ ደበቅሁት። ዛሬ ጠዋት ሽንኩርት ልከትፍ ብዬ ብፈልገው የት እንዳኖርኩት ጠፋኝ፤ ቤቱን ሁለት ጊዜ በረበርኩት፣ የለም። ሰሚሃ ስበረብር ቁጭ ብላ ታየኝ ነበር። ምን ጠፋብህ ብላ አልጠየቀችኝም፤ እኔ ረስቼው ይሁን እርሷ አግኝታ ወስዳው አላውቅም። ሰኞ ደግሞ ነገ ነው።