ላባው የተፋቀ እግር

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 9 ቀን
ከሥራ ጠረጴዛዬ

ለምትናፍቀኝ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ወንድምሽ የዚያ አገር ብርድ እንዳልተስማማሽ ነግሮኛል፤ እባክሽ ወፍራም ካልሲ አድርጊ። እኔ ጉልበቴ ሲንቋቋ ከመዋሉ በቀር ደህና ነኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሳልጽፍልሽ ቆይቼ በካልሲ መጀመሬ ሊያስቅሽ ይችላል። ሳቂ፣ የዛሬው ወሬዬም የእግር ወሬ ነው።

ያቺን ዶሮ የምታክል ዳይኖሰር ታስታውሻለሽ? ዩኒቨርሲቲው ለእረፍት ተዘግቶ ሙዚየሙ ውስጥ አጠገቤ ስትሠሪ፣ ከድንጋዩ በመርፌ የፈለቀቅኳትን? ያኔ አንኪዮርኒስ ከሚባለው ወገን ናት ብለን ነበር። ስሙ "ለወፍ የቀረበ" ማለት መሆኑን የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። ከክንዱ አልፎ እስከ እግር ጣቱ ላባ የለበሰ ጉደኛ ፍጥረት ነው። ግማሾቹ ሊቃውንት ከወፎች ተርታ ያስገቡታል፣ ግማሾቹ የወፎች የአጎት ልጅ ነው ይላሉ። እንደ አንዳንድ ዘመዶቻችን፣ ዝምድናው ገና አልለየለትም። እኔን ግን የሚገርመኝ እግሩ ነው። በቅጡ ለማይበር እንስሳ የእግር ላባ ምን ይሠራለታል? ለሙቀት ነው? ለመታየት ነው? ሳህን ሳጥብ እንኳ ይህ ነገር ይመላለስብኛል።

ባለፈው ወር አዲሱ ፕሮፌሰር ጠርተው የሚጽፉትን ጥናት አሳዩኝ። የኛዋ እግሯ ባዶ ስለሆነ አንኪዮርኒስ አይደለችም፤ ከወፎች መስመር ራቅ ያለች አዲስ ወገን ናት ይላል። ስም ሁሉ አውጥተውላታል። ያሳዩኝም ያጸዳኋት እኔ ስለሆንኩ ደስ ይለኛል ብለው ነው። እኔም ደስ ብሎኝ ማጉያውን አንስቼ እግሯን ተመለከትኩ። አጥንቱ ዳር ዳር ላይ፣ ላባ ጥቁር አሻራ ሆኖ በሚቀርበት ቦታ፣ ድንጋዩ ተጭሯል፤ ጭረቱ ሁሉ የግራኝ እጅ ነው። በዚህ ክፍል ግራኝ ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ።

ያን ቀን ያልሽውን አልረሳሁትም። "እማዬ፣ ይሄ ጥቁሩ ነገር እድፍ አይመስለኝም፤ ተይው" አልሽኝ። እኔ ደግሞ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ፣ "ሃያ ዓመት ድንጋይ የፋቅኩት እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?" ብዬ አዋረድኩሽ። ከዚያም አጥንቱ ፍንትው ብሎ እስኪወጣ ፋቅኩት፤ ስለ ንጽህናውም ተመሰገንኩ። ልብ ካላየ ዓይን አያይም። አንቺም በወሩ ሳትሰናበቺኝ ሄድሽ።

ሁለት ሳምንት አፌን ዘግቼ ከረምኩ። አንቺው ታመጪው አንቺው ታሮጪው እያልኩ ራሴን ስሰድብ ነበር። ጡረታ ለመውጣት አንድ ዓመት ቀርቶኛል፤ ስሜን አበላሽቼ መውጣቱን ፈራሁ። ዝም ካልኩ ደግሞ በምድር ላይ ኖሮ የማያውቅ፣ በኔ መርፌ የተፈጠረ እንስሳ መጽሐፍ ውስጥ ሊገባ ነው። ማክሰኞ ዕለት ሁሉም ባለበት ተነሥቼ፣ "ፕሮፌሰር፣ እግሯ ባዶ አልነበረም፤ ባዶ ያደረግኩት እኔ ነኝ" አልኳቸው።

መነጽራቸውን አውልቀው ጭረቱን በማጉያው ተመለከቱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ግን የከፋውን ጠየቁኝ፤ ጭረቱ መፋቁን እንጂ የተፋቀው ላባ መሆኑን አያሳይም፣ በምን እናምናለን አሉ። ማስረጃ እንድፈልግ ጊዜ ለመንኳቸው። ጥናቱን እስከ ወሩ መጨረሻ ሊያቆዩልኝ ተስማሙ።

ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ትዝ አለኝ። እኔ መርፌ ሳላነሣ፣ በዚያው ጠዋት፣ ያንን ጥቁር ነገር መስመር በመስመር ደብተርሽ ላይ ስለሽው ነበር። ጊዜ አታባክኚ ብዬሽም ነበር።

ደብተሩ ካለ ፎቶ አንሺውና ላኪው። ለኔ ሳይሆን በራስሽ ስም ለፕሮፌሰሩ ላኪላቸው። አስቀድሞ ያየው ማን እንደሆነ ያኔ ባዋረድኩሽ ክፍል ውስጥ ተናግሬያለሁ፤ ጥፋቱ የኔ፣ ማየቱ የልጄ ነው ብያለሁ። ለነሱ ከመናገሬ በፊት ላንቺ መናገር ነበረብኝ። አጥፍቻለሁ ልጄ፤ ይቅር በይኝ።

የሚያይ ዓይንሽን አምላክ ይጠብቅልኝ፤ የሚያምንሽ ሰውም አይንሳሽ።

ደብተሩን ቀደሽው ከሆነም አልፈርድብሽም። ቀደድኩት ብለሽ ጻፊልኝ። ብቻ ጻፊልኝ።

እናትሽ