ለልቅሶ የወጣው የጣሊያን ኮረብታ

አባዬ፣

እንደምን ከረምህ ልልህ አልችል፤ ብቻ ከተለየኸን ሃምሳ ሁለት ቀን ሆነ። የምንኖርበት የሱዳን ከተማ፣ ዶካ፣ አሁንም ጭቃ ነው። አልጋህ ላይ የአክስቴ ልጆች ይተኛሉ። የምጽፍልህ ግን ስለ ሥዕሉ ነው።

ያን ሥዕል አልወደውም ነበር፤ ነግሬህ ግን አላውቅም። ግቢውን ትጠብቅለት የነበረው ፈረንጅ፣ ኸዋጃው፣ የሱዳኑ ጦርነት ሲነሣ ጥሎት ሲሄድ፣ በጨርቅ ጠቅልለህ አምጥተህ ከራስጌህ ሰቀልኸው። ባለፈው መቶ ዓመት የኖረ ጣሊያናዊ ሠዓሊ የተወለደበትን ገጠር የሳለው ነው፣ ይኸ የታተመ ቅጂው ነው አልኸኝ። እኔን ያቅለሸልሸኝ ነበር። ሰማዩ እንደ መግል ቢጫ ነው። ኮረብታዎቹ ቆዳው እንደተገፈፈ ከብት ቀልተዋል፤ ቀለሙ በቢላዋ የተለጠፈ ይመስላል። ዛፉ የተቃጠለ አገዳ ነው፤ አጠገቡ አንዲት ቤት አለች። ማሳው ሁሉ ታርሷል፣ ሰው ግን አንድም የለም። በሰሊጥ አረም ወገቤ የተቆረጠ ልጅ ነኝ፤ ሰው የሌለበት እርሻ ሲያሳዩኝ ውሸት ይሸተኛል። አንተ ግን ከሥራ ተመልሰህ እግርህን እየታጠብህ ዓይንህን ከሱ አትነቅልም ነበር። “ሰውየው ሲስለው ተናዶ ነበር” አልኸኝ አንድ ቀን። በምን እንዳወቅህ አፍሬ አልጠየቅሁህም። አሁን ይቆጨኛል።

ስትሞት ፎቶ አልነበረህም። የስደተኛ ካርድህ ላይ ያለው በላብ ርሶ ፊትህ ጠፍቷል። ልቅሶ ላይ የሟች ፎቶ ሳይያዝ አይሆንም፤ እህትህ ፈንታዬ ባዶ እጇን መቆም አልቻለችም። ሥዕሉን ከግድግዳ አውርዳ ለቀስተኞቹ ወደተቀመጡበት የሣር ዳስ፣ ወደ ራኩባው፣ ወጣችና ከራሷ በላይ አነሣችው።

“ይኸው አገሩ! ይኸው ያባቱ ርስት!”

ሴቶቹ እዬዬ አሉ። አንዷ፣ “ያች ቤት የናቱ ናት?” ስትላት፣ “አዎ እቴ፣ እትብቱ የተቀበረው ከደጇ ነው” አለቻት። ፉል በበሉበት ጣት የሥዕሉን መስታወት ዳበሱት፤ ዘይቱ ሰማዩ ላይ ቀረ። እኔ ልጅህ ውሸቱን እያወቅሁ ውሃ አዞርሁላቸው።

በአርባህም አወጣችው። ያን ቀን ዛፉም ታሪክ ተገኘለት፤ ነፍሷን ይማርና እናቴን ያጨሃት ከሥሩ ነው ተባለ። አክስቴን ተጸየፍኋት። ከሷ ይልቅ ራሴን፤ ዓይኔን ጨፍኜ አገርህን ላስብ ስል ያ ቢጫ ሰማይ ይመጣብኝ ጀመር። ካንተ የቀረኝ የነገርኸኝ ብቻ ነበር፣ እሱም ሊጠፋብኝ ሆነ።

ትናንት የአጎትህ ልጅ አያ ሙላት ዘግይቶ ሰምቶ ከኸሽም ኤል ቂርባ ከተማ ሊያለቅስህ መጣ። አክስቴ ሥዕሉን ስታነሣ፣ “ውሸት ነው፤ የጣሊያን አገር ነው” አልሁ። ድምፄ እንደ ትንኝ ነበር፣ ግን ተሰማ።

“ዝም በይ! አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ አፍ አወጣሽ?” አለችኝ።

“ተያት እንጂ” አላት አያ ሙላት። “እስቲ ያባትሽ አገር ምን ይመስላል?”

መሬት መሬቱን እያየሁ ነገርኋቸው። ማሳችሁ ድንጋይ ብቻ እንደነበር። ካብ ስትክቡ የግራ አውራ ጣትህ ጥፍር ወጥቶ ሌላ እንዳልበቀለበት። ቤታችሁ ከመንገድ እንደማይታይ። አንድ ዓመት በረዶ ጤፉን ሲደበድበው፣ አባትህ ቃል ሳይተነፍስ ሞፈሩን ለማገዶ እንደፈለጠው፣ አንተም በዚያው ሳምንት ወደ ሱዳን እንደወረድህ።

ማንም አላለቀሰም። አያ ሙላት ብቻ፣ “ጥፍሩንስ አውቀዋለሁ” ብሎ አንገቱን ደፋ። አክስቴ ክንዷ ሲዝል ሥዕሉን መሬት አስቀመጠችው።

አባዬ፣ አገርህን አላየሁትም፤ ላየውም አልችል ይሆናል። ቢሆንም በሌላ ሰው ገጠር አልለውጠውም። ለጠየቀኝ ሁሉ፣ ልጅ ከወለድሁም ለልጄ፣ ድንጋዩን ድንጋይ ብዬ እነግራለሁ።

ልጅህ ጥሩዬ