ምስጥ የበላው የሰንጠረዥ ግርጌ

ኅዳር ፫፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ፪ ሰዓት
ቀለም በጠበጥሁ። የሸምበቆ ብዕሬን ቀረጽሁ። የመጋዝ ቤቱ ደብዳቤዎች አራት፤ ተገልብጠው ወደ ጠ/ግዛቱ ጽ/ቤት ሄዱ። ከጎሬ ገልብጬ ያመጣሁት የእንፋሎት ሰንጠረዥም ከቦይለሩ አጠገብ ተሰቀለ። ጣሊያን ትቶት የሄደው ቦይለር የግፊት መለኪያው ተሰብሯል፤ የሚሠራው የሙቀቱ ብቻ ነው። መካኒኩ ቶሎሳ ሙቀቱን አንብቦ ግፊቱን ከሰንጠረዡ ይፈልጋል። ከስድስት ካለፈ አደጋ ነው፤ መተንፈሻ ክዳኑም ከዛገ ቆይቷል።
ቶሎሳ ጽሕፈቴን አይቶ ሳቀ። “የኔታ፣ ይኼንንማ የሚሳለሙት እንጂ በጥላሸት እጅ የሚነኩት አይደለም!” አለኝ። ደስ አለኝ። ማስታወሻዬ ሆይ፣ ይህን ያዝልኝ፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

ኅዳር ፭፣ ሐሙስ፣ ፱ ሰዓት
ቧንቧው ከመገጣጠሚያው ፈነዳ። እንፋሎቱ የቶሎሳን ቀኝ እጅ እስከ ክርኑ ላጠው። በቃሬዛ ወደ ክሊኒክ ተወሰደ። የመጋዝ ቤቱ ባለቤት አቶ ደምሴ መጡ፤ ቶሎሳ ሰካራም ነው አሉ፤ በሠራተኛው ሁሉ ፊት። እኔ አጠገባቸው ቆሜያለሁ።
ሲፈነዳ ሙቀቱ ስንት ላይ ነበር ብዬ ግንድ ተሸካሚዎቹን ጠየቅሁ። አንድ መቶ ሰባ ሁለት።
ይህን ቁጥር አውቀዋለሁ። ወላጁ እኔ ነኝ።

ኅዳር ፮፣ ዓርብ፣ ፭ ሰዓት
እህል አልቀመስሁም። ጾም ብዬ አልጠራውም።
እውነቱ ይህ ነው። ጎሬ ያገኘሁት መጽሐፍ ገጹ ከግርጌው በምስጥ ተበልቷል። ግፊት ሁለት፣ ሙቀት መቶ ሃያ። ሦስት፣ መቶ ሠላሳ ሦስት። ከዚያ በታች አፈር ብቻ። ዝናብ ይጥላል፤ ወደ መቱ የሚመለሰው የጭነት መኪና ጥሩምባውን ይነፋል። ባዶ እጄን ልመለስ? ልዩነቱ አሥራ ሦስት ነው አልሁ። አሥራ ሦስት፣ አሥራ ሦስት እየደመርሁ ሞላሁት፤ አራት፣ አምስት፣ ስድስት፤ ስድስቱ መቶ ሰባ ሁለት ላይ ወደቀ።
ጽሕፈት የተማርሁት እንዲህ ነው። ብል የበላውን ዳዊት ስንገለብጥ የጎደለውን ከቃላችን እንሞላ ነበር፤ ክፍት የተወ ተማሪ ይገረፋል። ዳዊት ግን ሙሉው በልቤ አለ። እንፋሎት በልቤ የለም።
ጠዋት የት/ቤቱን የሳይንስ መምህር ዙሪያ ጥምጥም ጠየቅሁት። የእንፋሎት ሙቀት በእኩል ደረጃ አይወጣም አለ፤ ከፍ እያለ ሲሄድ ትንሽ ሙቀት ብዙ ግፊት ያመጣል። ስድስት የሚሞላው መቶ ስድሳ ሳይደርስ ነው። በመቶ ሰባ ሁለት ከስምንት አልፏል። ትክክለኛውን ከአዲስ አበባ ሊያስመጣ ቃል ገባ። ለማን ነው ሲለኝ፣ ሰው ልኮኝ ነው አልሁ።
ሐሰት በሐሰት ላይ።

ኅዳር ፰፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ
ከቅጥሩ ውጭ ቆሜ አስቀደስሁ። መስቀል አልተሳለምሁም።
ቶሎሳ ዘንድ ሄድሁ። የሚሲዮን ልጅ ነው፤ መጠጥ በአፉ ዞሮ አያውቅም። በዓርብ ሥጋ ይበላል ብዬ ስንት ጊዜ ገሥጬዋለሁ! ክንዱ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሏል። ዓይኔ ዕንባ ሲያቀርር አይቶ እሱው አጽናናኝ። “ማሎ፣ የኔታ፣ እባክዎ ተዉ። የእርስዎ ጽሕፈት አይሳሳትም። የሌላውን መስመር አንብቤ ይሆናል፤ ጥፋቱ የዓይኔ ነው።”
የእሳት ፍም በራሴ ላይ።
ሚስቱ ጫልቱ ወንበር አቀረበችልኝ፤ አልተቀመጥሁም። አቶ ደምሴ ከሥራ መሰናበቱን ልከውባቸዋል። እጁስ ይድናል፤ ሰካራም ያሉትን በምን ውኃ አጥባለሁ አለችኝ። ያመጣሁትን ማር አስቀምጬ ወጣሁ። እኔ፣ ሌላውን በአንዲት ቃል እብለት የማወግዝ!

ኅዳር ፱፣ ሰኞ፣ ከጠዋቱ ፩ ሰዓት
ቧንቧው ተበይዷል። በቶሎሳ ቦታ ከሁሩሙ አዲስ ሰው መጥቷል። እሳቱ በ፪ ሰዓት ይለኮስ ተብሏል። ሰላምታ ሰጥቶኝ ወደ ሰንጠረዡ ጠቆመ፤ መልካም ጽሕፈት፣ እንዲህ ከሆነስ ሥራው ቀላል ነው አለ።
ሰንጠረዡን አወረድሁት። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ቀይ ቀለም አወጣሁ፤ ለቅዱሳን ስም ብቻ የማቆየውን። ሦስቱን ቁጥሮች ሰረዝሁ። ከጎናቸው ጻፍሁ፦ እነዚህ ከመጽሐፍ አልተገኙም፤ ጸሐፊው ከራሱ ጨመራቸው። ቶሎሳ በትክክል አንብቧል። ስሜን ከነአባቴ አኖርሁ። ከታች ክፍት ተውሁት። በዕድሜዬ የመጀመሪያው ክፍት ቦታ።
አዲሱን ሰው እንዳትለኩስ ብዬዋለሁ። ያለ አለቃው ትእዛዝ እንዴት ይሆናል ይላል። እውነቱን ነው።
የአቶ ደምሴ መኪና በሩ ላይ ቆመ። ሠራተኛው ሁሉ ለስም ጥሪ ተሰብስቧል። ይሁን። ቶሎሳን የሰደቡት በዚሁ ሕዝብ ፊት ነበር። ቀለሙ አልደረቀም፤ ወረቀቱን በሁለት እጄ ይዤ በሁሉ ፊት ላነበው እወጣለሁ።