ሰልፍ ላይ ነኝ ስልህ

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ደህና ነህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም፤ ካለህበት ቢያንስ የውኃ ወረፋ የለም። እኛ ግን እዚሁ ዓለም ባንክ ሰፈር ነን፤ ቧንቧችን ሲከፈት ዛሬም ንፋስ ብቻ ያፏጫል። ባኞ ቤት የደረደርካቸው ቢጫ ጀሪካኖች እንዳሉ ናቸው። ስምህን በቀለም የጻፍክበትን ግን እማዬ ማንም እንዲነካው አትፈቅድም።

ተናድጄ ነው የምጽፍልህ። ትናንት አንድ መኪና በድምፅ ማጉያ ለምርጫ ተመዝገቡ፣ ድምፃችሁን ስጡ እያለ ሰፈሩን ሲዞር ዋለ። ያኔ ድምፃችንን ስናሰማ ጆሯቸውን የደፈኑት እነማን ነበሩ?

ባለፈው ምርጫ ገና ሳይነጋ ኮትህን ለብሰህ ወጣህ፤ እኔ ምን ሊለወጥ ብዬ ተኛሁ። ቀለም የነካ ጣትህን እያሳየኸኝ አኩርፈህ ዋልክ። ዓመታት አለፉና ውኃው ጭራሽ ጠፋ። የሰፈሩ ሴቶች ባዶ ጀሪካን ይዘን ወደ ወረዳው ቢሮ ሄድን። መሃል ላይ ደወልክና የት ነሽ አልከኝ፤ ሰልፍ ላይ ነኝ አልኩህ። የጦር ኃይሎች የታክሲ ሰልፍ መስሎህ፣ ተራሽን እንዳትለቂ ብለህ ስልኩን ዘጋህ። እንደተሳሳትክ እያወቅኩ ዝም አልኩ። ታላቅ ወንድምህ በልጅነትህ ሰልፍ ወጥቶ እንዳልተመለሰ አውቃለሁና ላስደነግጥህ አልፈለግኩም።

ከቢሮው የወጣው ሰውዬ ያለን ነገር ዛሬም ያንገበግበኛል። የምርጫ ካርድ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ አለ። እጃችንን ላላወጣነው፣ ያልመረጠ ሰው ምን አፍ አለው አለን። ላወጡት ደግሞ፣ እናንተማ መርጣችኋል፣ አርፋችሁ ጠብቁ አላቸው። አየህልኝ አባዬ? የመረጠም ዝም፣ ያልመረጠም ዝም! ታዲያ የሚናገረው ማን ሊሆን ነው፣ ጀሪካኑ?

ቤት ገብቼ ስነግርህ መጀመሪያ እኔን ተቆጣኸኝ። ከዚያ ግን፣ ነገ አብረን እንሂድ አልከኝ። ሥራ አለብኝ አልኩህ። በማግስቱ ኮትህን ለብሰህ፣ ካርድህን ደረት ኪስህ ከትተህ፣ ያንን ጀሪካን አንጠልጥለህ ብቻህን የቢሮው በር ላይ ቆምክ። ጥበቃው ምን ፈልገው ነው አባባ ቢልህ፣ ሰልፍ ላይ ነኝ አልከው። ዛሬ ሰልፍ የለም ሲልህ፣ እኔ ተራ ይዣለሁ፣ ሌሎቹ ይመጣሉ አልከው። ይህን የነገረን ራሱ ጥበቃው ነው፤ ለቅሶህ ላይ መጥቶ። ብዙም ሳትቆይ ነዋ የታመምክብን። በሰውዬው ከምናደደው በላይ በራሴ እናደዳለሁ። አብሬህ መምጣት ነበረብኝ።

ዛሬ ጠዋት ሄጄ ተመዘገብኩ። ካርዱን ስቀበል ደስታ አይደለም የተሰማኝ፣ እልህ ነው። መርጬ አርፌ የምጠብቅ እንዳይመስላቸው። ቅዳሜ ከሴቶቹ ጋር እዚያው በር ላይ ነን፤ እማዬ ሳልጠይቃት ያንተን ጀሪካን አውጥታ አቧራውን ጠርጋ ሰጠችኝ።

ሰውዬው እጃችሁን አውጡ ካለ ካርዴን ይዤ አወጣለሁ፤ ጠብቁ ሲለን ግን አላወርደውም። አልረሳህም አባዬ። እንደ ወረፋ ደንባችን ጀሪካንህን ከፊቴ አስቀምጬ እቆማለሁ። የማነው የሚለኝ ካለ ስምህ ተጽፎበታል፤ ተራህን ይዤልሃለሁ።

ልጅህ ሰናይት