ከሦስቱ አንዱ ውሸት

ሪያድ፣ ሺፋ
ጥቅምት 2008 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለእህቴ ልጅ፣

አሰላሙ አለይኩም። ጉሮሮሽ ተሻለሽ ወይ? ተማሪ ላይ ስትጮኺ ድምፅሽ መዘጋቱን ከሰማሁ ወዲህ ልቤ አላረፈም። የእናትሽስ ወገብ እንዴት ነው? እኔ ከጉልበቴ በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

ጽሕፈቱ ቢንጋደድ አትሳቂ፤ የራሴ እጅ ነው። እስከ ዛሬ የደረሰሽን ሁሉ የጻፈችልኝ እዚህ ያለችው ያገራችን ልጅ ባዩሽ ናት። ሰው እያስጻፉ ከሰላምታ ሌላ ምን ይባላል? አባቴ እናትሽን እንኳ አራተኛ ክፍል አድርሷት፣ እኔን ውኃ ሲያስቀዳኝ ኖረ። ቢሞትም ይህን አልተውኩለትም።

"ስልሳ ተማሪ ይዤ አንዱም እንግሊዝኛ አይናገርልኝም፤ እናንተ እንዴት ትማራላችሁ?" ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። መምህርት ሆነሽ እኔን መጠየቅሽ! ሳምንቱን ሙሉ ደስ ሲለኝ ሰነበተ።

ጁምዓ ከሰዓት፣ አሠሪዬ መዳም ስትፈቅድልኝ፣ ነኢማ ቤት እንሰበሰባለን። ነኢማ ሹመይሲ ሐኪም ቤት ታጸዳለች፤ አገር ቤት አስተማሪ ነበረች። መጀመሪያ ሀሁ አስቆጠረችኝ። አሁን እንግሊዝኛ ነው፤ የመዳምን እናት የማስታምመው እኔ ነኝ፣ ነርሶቹ ደግሞ ሌላ ቋንቋ አይሰሙኝም። ገና እንደገባሁ ሸምሲያ የምትባል ቀበጥ፣ "እማማ፣ እንግሊዝኛው ለቀብር ነው?" አለችኝ። "አዎ፣ ባንቺ ቀብር ላይ ንግግር ላደርግበት" አልኳት። ከዚያ ወዲህ ከአጠገቤ አትነሳም።

ነኢማ ደብተር አታስገልጠንም። ካልሲ ጠቅልላ ኳስ ትሠራለች። የያዘችው በእንግሊዝኛ ጠይቃ ትወረውራለች፤ የቀለበችው መልሳ፣ እሷም ጠይቃ ትወረውራለች። ኳስ ሲመጣብሽ ማፈሩን ትረሺዋለሽ። ልጆቹን ስድስት ስድስት አድርገሽ ከፋፍያቸው። መሀል ላይ ግን አታርሚያቸው፤ ነኢማ የምታርመን ሲያልቅ ነው።

ሌላው ጨዋታ ስለራስ ሦስት ነገር መናገር ነው፤ ሁለቱ እውነት፣ አንዱ ውሸት። ሌሎቹ እየጠየቁ ውሸቱን ያወጣሉ። ተራዬ ሲደርስ፣ አርባ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ተምር አልወድም፣ አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ አልኩ። ወደዚህ የላከኝ ደላላ ዕድሜዬን አሥር ዓመት እንደቀነሰው አንቺ ታውቂያለሽ። እነሱ ግን ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ አይተዋል፤ አርባ ሁለት ይላል።

ነኢማ ልጅሽ ምን ትሠራለች ብላ ጠየቀችኝ። "ቲቸር" አልኩ። ሸምሲያ በሳቅ ሞተች። "ነኢማን ከፊቷ አይታ እኮ ነው ቲቸር ያለችው! ልጅ ቢኖራትማ ፎቶዋን ታሳየን አልነበር? ያላ፣ ውሸቱ ልጅቷ ናት!" አለች። ሁሉም አጨበጨቡ።

"ኸላስ፣ በቃ አሸነፋችሁኝ" አልኩ። ነኢማ ብቻ ዓይኗን ከእኔ አልነቀለችም። ፊቴን ልታጠብ ገባሁና ብዙ ቆየሁ።

ይህን ለእናትሽ አታንብቢላት። ገና ሳትድሂ ጀምሮ አንድ ነገር እንዳልነግርሽ በአላህ ስም አስምላኛለች፤ መሐላዬን አላፈርስም። መጫወት ግን አልከለከለችኝም።

እንግዲህ ሦስቱን ስሚ። የተወለድሽ ዕለት በረዶ ጥሎ ነበር። ስምሽን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሦስተኛውን ከፊርማዬ ላይ ታገኚዋለሽ።

የካልሲዋን ኳስ ባዩሽ አገር ቤት ስትገባ ከደብዳቤው ጋር ታመጣልሻለች። ተራው ያንቺ ነው፤ ተቆጥተሽም ቢሆን ወርውሪልኝ።

አላህ ድምፅሽን ይመልስልሽ፤ ተማሪዎችሽን ያናግርልሽ፤ ደጅሽን ለመርገጥ ያብቃኝ።

አክስትሽ